ለእናቶች ማቆያ ቤታችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ፤ ምጧ ለዘገየ እናት መቆያ ቦታ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በበሽሎ ሸለቆ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የምንሠራ አዋላጆች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የቅሬ (የእድር) ዳኞች ነን። በጤና ጣቢያው ግቢ የጀመርነውን፣ መውለጃቸው የደረሰ እናቶች የሚቆዩበትን የእናቶች ማቆያ ቤት ለመጨረስ ድጋፋችሁን እንለምናለን። ቤቱ ለምን እንዳስፈለገ እንዲገባችሁ ግን ከምጡ እንነሳ።

የማህፀን በር ባንዴ አይከፈትም። መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው። በተለይ ለበኩር ልጅ መሳሳቱ ይቀድማል። መከፈቱ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ምጡ መጣ ሄድ ይላል፤ የሚወስደው ሰዓትም ከሴት ሴት እጅግ ይለያያል። ከ5 ሴንቲ ሜትር ሙሉ በሙሉ እስከሚከፈትበት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያለው ጊዜ ግን ለበኩር ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ከዚህ በፊት ለወለደች ከ10 ሰዓት አይበልጥም። «በየሰዓቱ 1 ሴንቲ ሜትር ካልጨመረች ችግር አለ» የሚለው የቆየ መለኪያ ለብዙ ሴቶች እንደማይሠራ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ገልጿል። እናትየው ደህና ከሆነች፣ የጽንሱም ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 የሚመታ ከሆነ፣ መዘግየቱ ብቻውን ለምጥ ማፋጠኛ መርፌም ለቀዶ ጥገናም ምክንያት አይሆንም። የሚያስፈልጋት ጊዜና የሚከታተላት ዓይን ነው።

እኛ ጋ የጎደለው ይህን ጊዜ የምታሳልፍበት ቦታ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ላይ የመጣች እናት ገና ናት። የማዋለጃ ክፍሉ ያሉት ሁለት አልጋዎች ከተያዙ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች፤ አለዚያ «ሲጠናብሽ ነይ» ተብላ ትመለሳለች። ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ሌሊት ላይ ምጡ ይፋፋማል። አምቡላንስ መንገዱ ካለቀበት አያልፍም፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቃሬዛ ነው፤ ክረምት ወንዙ ከሞላ ደግሞ ቃሬዛውም አይሻገርም። አንዴ እንዲህ የተመለሰች እናት በሚቀጥለው እርግዝናዋ ላለመምጣት ብትወስን አንፈርድባትም።

ቤት ውስጥ ምጥ ሲዘገይ ደግሞ ሁሉም ይጨነቃል። ማርያም ትቅረብሽ፣ አላህ ያግራልሽ ይባላል፤ ይህ ለእናትየዋ ብርታት ነው። ጉዳት የሚመጣው «ግፊ» ሲባል ነው። በሩ ተከፍቶ ሳያልቅ መግፋት የማህፀኑን በር ያሳብጠዋል፣ እናትየዋንም ጉልበት ያሳጣታል። ልጁን ለማውረድ ሆድ መጫን ማህፀን እስከ መተርተር ያደርሳል። «የምጥ መርፌ ውጉልን» የሚሉን ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ኦክሲቶሲን የሚባለው ይህ መድኃኒት ምጥ ያበረታል፤ ነገር ግን ልጁ ማለፍ የማይችል ከሆነ ማህፀኑን ከማይወጣው ጋር ያታግለዋል። ስለዚህ ምጥ ለማፋጠን የሚሰጠው በደም ሥር ጠብታ፣ በቅርብ ክትትል፣ ቀዶ ጥገና ባለበት ሆስፒታል ብቻ ነው።

ምጥ ሲዘገይ የምናየው ሦስት ነገር ነው፤ የምጡን ጉልበት፣ የልጁን አቀማመጥና የሚያልፍበትን መንገድ። ጉልበቱን ለማወቅ እጅ ሆድ ላይ፣ ዓይን የግድግዳ ሰዓት ሴኮንድ ቆጣሪ ላይ ሆኖ 10 ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። በ10 ደቂቃ ከ3 እስከ 5 ጊዜ መጥቶ እያንዳንዱ 40 ሴኮንድ ያህል ከቆየ ጥሩ ምጥ ነው። ከዚያ ካነሰ ብዙ ጊዜ እናትየዋ ጠምቷታል፣ ርቧታል፣ ፈርታለች፣ ወይም ለረጅም ሰዓት በጀርባዋ ተኝታለች። አጥሚት ወይም ሻይ ትጠጣ፣ ቆማ ትራመድ፣ ስትተኛ በጎኗ ትሁን፣ የምታምናት ሴት ከአጠገቧ አትለይ። በየ2 ሰዓቱም ሽንቷን ትሽና፤ የሞላ ፊኛ የልጁን ጭንቅላት ወደ ታች እንዳይወርድ ይይዘዋል። ልጁ ጀርባውን ለእናቱ ጀርባ ሰጥቶ ከሆነ ወገቧን አጥብቆ ያማታል፣ መከፈቱም ይዘገያል፤ በእጅና በጉልበት መንበርከክ ሕመሙን ያቀልላታል።

ምጡ ጠንክሮ ሳለ በየ4 ሰዓቱ በሚደረገው ምርመራ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ጭንቅላቱ ካልወረደ፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች ከተደራረቡ፣ የእንሽርት ውሃው ወፍራም አረንጓዴ ከሆነ ወይም ትኩሳት ከመጣ መጠበቅ ያበቃል። ወዲያው ሆስፒታል ተደውሎ፣ ደም ሥሯ ላይ የጠብታ መስመር ተሰክቶ፣ የክትትል ወረቀቷ ተይዞ፣ ደም መስጠት የሚችሉ ሁለት ሰዎች አብረዋት ትላካለች። እዚህ ላይ የባከነ ሰዓት ፊስቱላ ያስከትላል፣ ልጁን ያፍናል፣ እናትን ይገድላል። በረጅም ምጥ የደከመ ማህፀን ከወሊድ በኋላም ቶሎ ስለማይኮማተር ደም ይፈስሳል። ልጁ እንደተወለደ ለእናትየዋ የሚሰጠው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል።

ቤቱ 10 በ6 ሜትር ነው፤ ሁለት ክፍል፣ በያንዳንዱ 5 አልጋ። የድንጋይ ግድግዳውን ሕዝቡ በደቦ አቁሞታል፣ የባሕር ዛፍ እንጨቱም ተዋጥቷል። የቀረን 60 ቆርቆሮ ከነምስማሩ፣ 10 አልጋ፣ ለአስታማሚዎች ጭምር 20 ፍራሽና 40 ብርድ ልብስ (ደጋ ነው፣ አንድ አይበቃም)፣ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ ለመብራትና ለመድኃኒት ማቀዝቀዣ የሚሆን ሶላር፣ ሁለት ቻርጅ የሚደረግ የጽንስ ልብ ማዳመጫ ዶፕለርና ሴኮንድ ቆጣሪ ያላቸው ሁለት የግድግዳ ሰዓቶች ናቸው። ሰዓቱ ርካሽ ስለሆነ እንዳይረሳ አደራ።

ማእድ ቤቱን ከአልጋው አሳንሳችሁ እንዳታዩት። ገንፎ የማይገነፋበት፣ ቡና የማይፈላበት ማቆያ ባዶውን ይቀራል፤ እናቶች ሁለት ቀን አድረው ይሄዳሉ። 10 እናቶችና 10 አስታማሚዎች በቀን ለሰው 400 ግራም ቢታሰብ በወር ወደ 2 ኩንታል ተኩል እህል ይፈልጋሉ። እህሉን ቅሬዎች በየተራ ለማዋጣት ቃል ገብተዋል፤ ምጣድ፣ ትልልቅ ድስት፣ ጀበናና ሲኒ ግን የለንም።

እናቶች ከመውለጃቸው 2 ሳምንት ቀደም ብለው ይገባሉ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለበኩር ወላጆችና ሩቅ ለሚኖሩ ነው። ቀደም ሲል በቀዶ ጥገና የወለደችን ወይም መንታ ያረገዘችን እናት ግን እዚህ አናቆይም፤ ሆስፒታል አጠገብ መሆን አለባት፤ የምታርፍበትን ቤት ዘመድ ካለ አስቀድማችሁ አመቻቹላት።

የገበያ ዋጋ ስለሚዋዥቅ የምትችሉ ዕቃውን በዓይነት ስጡን፤ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተመዝግቦ ይገባል። ገንዘብ የምትሰጡ በጤና ጣቢያው ሒሳብ ክፍል ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ፤ በግለሰብ ስልክ ወይም ሒሳብ ቁጥር የሚሰበሰብ ምንም ገንዘብ የለም። የተገዛው ሁሉ በየወሩ በቅሬ ስብሰባ ይነበባል። ሌላው ዕቃ ቀስ ብሎ ቢደርስ እንችላለን። ቆርቆሮው ግን ሰኔ ሳይገባ መምጣት አለበት፤ ድንጋዩን ያያያዝነው በጭቃ ስለሆነ ክዳን ሳይኖረው ዝናብ ካገኘው ግድግዳው ይናዳል።