ካርቶኑን የላክኩት እኔ ነኝ

እህት ዓለም፣ ሰላምታውን ላሳጥረው። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ጊዜ አጥቼ አይደለም፣ አኩርፌ ነው። «ሐኪሙ የማሙሽ ክብደት ከቁመቱ በላይ ሆኗል አለኝ፣ እባክህ ያን ጣፋጭ አትላክ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ደሜ ፈላ። በዓመት ሁለቴ ካርቶን የምልክ ሰው ልጅ አወፈርክ ልባል?

ከዚያ ሲበርድልኝ አሰብኩት። ልጁ 7 ዓመት ሞላው፣ አንድ ቀን አቅፌው አላውቅም። የሚያውቀኝ በስልክና በቸኮሌት ነው። ድሮ «አጎቴ መቼ ይመጣል?» ይል ነበር፣ አሁን «ምን ላከልኝ?» ነው የሚለው። መምጣት ሲያቅተኝ ጣፋጭ ላክኩ፣ እውነቱ ይሄ ነው። በየወሩ ገንዘብ ስልክልሽም «የሚወደውን ግዢለት» የምልሽ እኔው ነኝ፤ የሚወደው ለስላሳ እንደሆነ እያወቅኩ። አንዱ 330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ውስጥ ብዙ ጊዜ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፣ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። በሻይ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ሲጨምር ብታዪው እጁን ትይዢው ነበር። ውሃ ይልመድ፣ ሌላ አልልሽም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፣ ደንግጠሽ እንዳታስርቢው። የሚያድግ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ዳይት አይያዝለትም። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ማክሳት ሳይሆን ቁመቱ እስኪደርስበት ክብደቱን ባለበት ማቆየት ነው፤ ለማሙሽ የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙን ጠይቂው። «ወፍራሙ» ደግሞ እንዳትሉት፣ ለቀልድም ቢሆን። እኔ «ቀጮ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ እስካሁን መስታወት ፊት ስቆም ትዝ ይለኛል።

የፈራሁት እማዬን ነው። ያሳደገችን «ጨርስ፣ ሳህኑን ባዶ አድርግ» እያለች ነው። በማጣት ጊዜ ልጅ ያሳደገች እናት ልጅ ጠገብኩ ሲላት አታምንም፣ አልፈርድባትም። ግን ቀስ ብለሽ አስረጃት። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ፣ ምን ያህል እንደሚበላ እሱ ይወስን። ትንሽ አቅርቡለት፣ ከራበው ይድገም፣ ጠገብኩ ካለ ይነሳ። ደግሞ ግፊቷ እንዴት ነው? እኔ ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ብቻ ነው መልሷ። ጨው ቀንሺ ተብላ የለ? እንግዲህ ሁላችሁም አንድ ላይ፣ አንድ ዓይነት ብሉ። ለማሙሽ ብቻ የተለየ ነገር ከቀረበ ቅጣት ይመስለዋል።

አትክልት ተፋ ብለሽም ተስፋ አትቁረጪ። አንዳንድ ልጅ አዲስ ምግብ የሚቀበለው 10 እና 15 ጊዜ ከቀመሰው በኋላ ነው። ሳትጨቀጭቂው ደጋግመሽ አቅርቢለት፣ አንቺም ፊቱ ብዪ። «ይሄን ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ካልሽው ግን አለቀ፣ ከረሜላው ሽልማት ይሆንና አትክልቱ ይበልጥ ያስጠላዋል።

ሲበላ ስልኩን ውሰዱበት። ዓይኑ ስልክ ላይ ከሆነ መጥገቡንም አያውቅ። ያን ስልክ የገዛሁትም እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ፣ አትስደቢኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣው እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ስፖርት ቤት ማለት አይደለም፣ ይሩጥ፣ ይዝለል። በጊዜም ይተኛ፤ በሱ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፣ ያልተኛ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚበላ ሲፈልግ ነው የሚውለው።

አንተ ማን ሆነህ ነው የምትመክረኝ ትዪ ይሆናል። ልክ ነሽ። እኔ ራሴ በሁለት ሥራ መሃል ቆሜ ነው የምጎርሰው፣ ማታም ደክሞኝ ያገኘሁትን በልቼ እተኛለሁ። ይቺን ለእማዬ እንዳታነቢላት።

የሚቀጥለው ካርቶን ውስጥ ኳስና የመዝለያ ገመድ አለ። አንድ ቸኮሌትም አለ፣ አንድ ብቻ፣ ለአራታችሁ ተካፈሉት። እሁድ እደውላለሁ። ማሙሽ ውጪ እየተጫወተ ከሆነ አትጥሪው። እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ