በዝናብ ለተጎዱት የሙሴው ቤት ደብዳቤዎች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ይድረስ በያላችሁበት ለምትገኙ የቅድመ አያታችን ዘሮች፣ ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለእድራችን አባላት፣ እንዲሁም አባቶቻቸውና አያቶቻቸው በሙሴው፣ ማለትም በጀርመናዊው አናጢ ቅድመ አያታችን፣ ግቢ ሙያ ተምረው ለወጡ ቤተሰቦች ሁሉ። ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ባለፈው ነሐሴ በአንድ ሌሊት በጣለው ዶፍ ዝናብ የሙሴው ቤት ጣሪያ በምሥራቅ በኩል ከነኮርኒሱ ተደርምሶ ደብዳቤዎቹና ንብረቶቹ በተቀመጡበት ክፍል ላይ መውደቁን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ከመስከረም ጀምሮ ባደረግነው ጥሪ 430,000 ብር ተሰብስቧል፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን። የሚያስፈልገው ግን 1,200,000 ብር ሲሆን፣ ከጥምቀት ወዲህ ወደ ሒሳቡ የገባው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የፈረሰው ጣሪያ እስከ ዛሬ በሸራ እንደተሸፈነ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ጀምሯል፤ ክረምቱም ሩቅ አይደለም። ደጋግመን ማስቸገራችን ቢከብደንም ዝም ብንል ደግሞ የሚጠፋውን ነገር የሚተካልን ስለማይኖር ይህን ጥሪ እንደገና ለማቅረብ ተገደናል። ገንዘብ የምታስገቡት በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳቡ ቁጥር ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ ተጽፏል።

የቤቱን ታሪክ ለእናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። በውጭ አገር ተወልደው ለሚያድጉት ልጆቻችን ያህል ግን አንዳንድ ነገር እናንሣ። ዐፄ ምኒልክ በ1897 ዓ.ም. ከጀርመን መንግሥት መልእክተኛ ከፍሪድሪክ ሮዘን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተዋዋሉ በኋላ ጀርመናውያን ለሥራ ወደ አገራችን መምጣት ሲጀምሩ፣ ቅድመ አያታችንም የአናጢነት ሙያውን ይዞ በመርከብ ጂቡቲ፣ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያም በበቅሎ አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ መሣሪያውን ሁሉ ያመጣው በጭነት ነው። ያን ጊዜ ይዞት የመጣው መላጊያና የእንጨት ማጠፊያ ሜትሩ ዛሬም በእጃችን ይገኛሉ። የመላጊያው እጀታ ከብዙ ዘመን አያያዝ የተነሣ በአውራ ጣት ልክ ጎድጉዷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ወረቀቱ ነው። ከ600 የሚበልጡ ደብዳቤዎች ያሉን ሲሆን ከፊሎቹ እኅቱ ከጀርመን የጻፈችለት፣ ከፊሎቹ ደግሞ እሱ ለእኅቱ የላካቸውና የእኅቱ የልጅ ልጆች በአደራ የመለሱልን ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የተጻፉት ለብቻቸው በአንድ ጥቅል ታስረው ተገኝተዋል። አገራችን ከውጭ ጋር የምትገናኝበት በር ጂቡቲ በፈረንሳይ እጅ ስለነበረች ለጀርመናዊ ደብዳቤ መላክ የማይቻል ሆኖበት ጽፎ ጽፎ በሣጥን ያኖራቸው ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባጠቃበት ሰሞን የተጻፈ ነው። ሳንቃ ማለቁን፣ የሬሳ ሣጥን ለማሠራት በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ከቀን ወደ ቀን መብዛቱን፣ ኋላም ሰዉ ዘመዱን በሰሌን ጠቅልሎ መቅበሩን፣ ከሠራተኞቹም መካከል የሞቱትን በየስማቸው እየጠራ ለእኅቱ ይነግራታል። ኅዳር ሲታጠን የምናስታውሰው ያ ዘመን በሰፈራችን ምን ይመስል እንደነበር እንዲህ አድርጎ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ አናውቅም።

ቅድመ አያታችን እንግሊዞች አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በ1933 ዓ.ም. እንደ ጠላት ዜጋ ተይዞ ከአገር ሲወሰድ፣ ባለቤቱ ወይዘሮዋ የጻፉለት የአማርኛ ደብዳቤዎችም አሉ። የመጀመሪያዎቹን በጸሐፊ ያስጻፉ ሲሆን «እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብለው ይጀምራሉ። ኋላ ላይ ፊደል ቆጥረው በገዛ እጃቸው የጻፏቸው ደግሞ ስለ ግቢው ዛፎች፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ቤቱ ግብር የሚያወሱ አጫጭር ደብዳቤዎች ናቸው። ከዚህ ሁሉ ጋር የሠራተኞቹ የደመወዝ መዝገብ አለ። ማን ስንት ጠገራ ብር እንደተከፈለው፣ ማን ለሠርግ ብድር እንደወሰደ፣ የትኛው ተማሪ የትኛውን የቤተ ክርስቲያን በር እንደሠራ ተመዝግቦበታል። ከእናንተ ብዙዎች ባለፈው ዓመት መጥታችሁ የአያቶቻችሁን ስም በጣታችሁ እየተከተላችሁ ያነበባችሁት ይህንኑ መዝገብ ነው።

ጣሪያው የተደረመሰ ዕለት መዝገቡ በብረት ሣጥን ውስጥ ስለነበር እግዚአብሔር አትርፎታል። ከደብዳቤዎቹ ግን ሲሦ ያህሉ ውሃ ጠጥተዋል። በቀለም የተጻፉት በአብዛኛው ይነበባሉ፤ ቅድመ አያታችን በጦርነቱ ዓመታት ይጠቀምበት በነበረው፣ ውሃ ሲነካው ሐምራዊ ቀለም በሚያወጣው እርሳስ የተጻፉት ግን ክፉኛ ተጎድተዋል። የኅዳር በሽታው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ከመካከሉ በታች ሐምራዊ ኩሬ ሆኖ ቀርቷል። ያ ገጽ አስቀድሞ ፎቶ ተነሥቶ ስለነበር ቃሉ አልጠፋም። ፎቶ ያልተነሡት ግን እስካሁን ከ250 በላይ ስለሆኑ ስጋታችን ለእነሱ ነው።

የረጠበ ወረቀት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሻጋታ ስለሚያበቅልና ተጣብቆ የደረቀ ገጽም ሲላቀቅ ስለሚቀደድ፣ በባለሙያ ምክር የረጠቡትን ደብዳቤዎች በንጹሕ ወረቀት ለይተን፣ በላስቲክ ጠቅልለን፣ በዚያው ማለዳ በሰፈራችን ልኳንዳ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባናቸው። የልኳንዳው ባለቤት ሥጋቸውን አውጥተው ቦታውን ለወረቀት መልቀቃቸውን፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ጄኔሬተር ማስነሣታቸውን ኮሚቴው በታላቅ ምስጋና ያነሣል። ከዚያ በኋላ የሰፈራችን ወጣቶች በየተራ ጥቂት ጥቂት እያወጡ፣ በመጣጭ ወረቀት መካከል እያደረጉ፣ ፀሐይ ሳያስነኩ በጥላ አደረቋቸው። ይህ ሥራ በክፍያ ይሠራ ቢባል ስንት ይፈጅ እንደነበር ለእናንተ ግምት እንተወዋለን።

አሁን አንዳንድ ወገኖች «በፊት የተሰበሰበው ገንዘብ የት ገባ? ጣሪያው ለምን ቀድሞ አልተሠራም?» እያሉ እንደሚጠይቁ ስለሰማን መልስ መስጠት ግዴታችን ነው። ከአደጋው በፊት በመጀመሪያው ዙር የተሰበሰበው 610,000 ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 215,000 ብር ለካሜራ፣ ለማንሻ ጠረጴዛና ለኮምፒውተር፣ 140,000 ብር አሲድ ለሌለው መጠቅለያ ወረቀትና ሣጥን፣ 70,000 ብር ከጀርመን ለተላኩልን ደብዳቤዎች ማጓጓዣና ማስፈጸሚያ፣ 185,000 ብር ደግሞ ጽሑፉን ለሚያነቡልን ባለሙያ ወጥቷል። ደረሰኙ ሁሉ በገንዘብ ያዣችን እጅ ስላለ ማንም አባል መጥቶ ማየት ይችላል።

ለንባብ የወጣው ገንዘብ በዛ የሚሉን አሉና ነገሩን ማስረዳት ይገባናል። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት ኩረንት በሚባለው በቀድሞው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ነው። ይህ ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ1941 በመንግሥት ትእዛዝ ከትምህርት ቤት ስለወጣ ዛሬ ጀርመንኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች እንኳ የገዛ አያቶቻቸውን ደብዳቤ ማንበብ ይሳናቸዋል። ጽሕፈቱን አጥርተው የሚያነቡት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለሆኑ ሥራው ነገ ዛሬ የሚባል አልነበረም። ይህ ክፍያ ባይወጣ ኖሮ የኅዳር በሽታውን ደብዳቤ ምንነት እንኳ ሳናውቅ ይበላሽብን ነበር፤ በበኩላችን ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመን የለም ብለን እናምናለን።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ ቤቱ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ወደ መንግሥት የገባ እንደመሆኑ ቤተሰቡ የሚኖርበት በኪራይ ነው፤ ያለ ፈቃድ አንድ ቆርቆሮ መንቀልም አይችልም። የእድሳት ፈቃድ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቀን መልስ ስንጠብቅ ክረምቱ ቀደመን። ፈቃዱ የተሰጠን ከአደጋው በኋላ ሲሆን ጊዜው የሚያበቃው በሰኔ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ካልተሠራ እንደገና ማመልከት ይኖርብናል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እንድታውቁልን እንፈልጋለን። የድሮ ቴምብር የሚገዛ አንድ ነጋዴ መጥቶ ፖስታዎቹን ብቻ በጥሩ ዋጋ ልግዛችሁ፣ ደብዳቤዎቹ ለእናንተ ይቅሩ ብሎን ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ወደ አውሮፓ የተላኩት ፖስታዎች የምኒልክና የጂቡቲ ቴምብር ጎን ለጎን የተለጠፉባቸው ስለሆኑ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ። የቀረበልን ገንዘብ ጣሪያውን ያሠራ ነበር። ሆኖም ቅድመ አያታችን ብዙ ጊዜ ቀኑን እንጂ ዓመቱን አይጽፍም፤ ደብዳቤው መቼ እንደተጻፈ የሚታወቀው በፖስታው ማኅተም ነው። ፖስታው ከሄደ ደብዳቤው ዘመኑን ያጣል። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ እምቢ ያለው በዚህ ምክንያት ሲሆን ዛሬም ቢጠየቅ መልሱ ይኸው ነው።

«ነገሩ የጀርመን ነው፣ ጀርመኖች ይርዱት» የሚሉም አልጠፉም። ለአንድ የውጭ ድርጅት አመልክተን ቤቱ የግላችሁ ስላልሆነ አንችልም ተብለናል። ነገር ግን የደመወዝ መዝገቡ የእኛው አባቶች ስም ነው፤ የወይዘሮዋ ደብዳቤዎች የእኛው ቋንቋ ናቸው። ከቅድመ አያታችን በፊት እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ አብዛኛውን ዘመኑን በአድዋ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያው ያረፈው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ስለ ትግራይ ዕፅዋት የጻፈው ጽሑፍ ዛሬ የሚገኘው ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። የእኛው እዚሁ በተጻፈበት ቤት ተቀምጧል። እንዲህ ያለው ዕድል የሚያጋጥመው ስንቱን ነው? ሥራው ሲያልቅም የሁሉንም ፎቶ ቅጂ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ለመስጠት ወስነናል።

መጽሐፍ «አባቶችህ የሠሩትን የቀድሞውን የድንበር ምልክት አታፍርስ» ይላል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም አማና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። የጀርመኑ ወገን ደብዳቤዎቹን ሲመልስልን ተማምኖብን ነው፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነውና ይህን ወረቀት በእጃችን ላይ እንዳለ አናስበላውም።

ከሚያስፈልገው 1,200,000 ብር 520,000 ብሩ ለጣሪያውና ለኮርኒሱ፣ 190,000 ብሩ ለሣጥንና ለመደርደሪያ፣ 490,000 ብሩ የቀሩትን ደብዳቤዎች ፎቶ ለማንሣትና ለማስነበብ የተመደበ ነው። የጎደለው 770,000 ብር ነው። አናጢዎቹ ቆርቆሮውና ማገሩ በቦታው ከደረሰ ሥራውን በግንቦት ሊጀምሩ ተስማምተዋል፤ ከእነሱም መካከል አያታቸው በዚሁ ግቢ ሙያ የተማሩ ስላሉ የእጃቸውን ዋጋ በግማሽ ቀንሰውልናል። ገንዘብ የሌላችሁ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሳንቃ ብትሰጡን በደስታ እንቀበላለን። በጀርመን፣ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የምትኖሩ ዘመዶቻችን ደግሞ በሰው እጅ ከመላክ ይልቅ በባንክ ብታስገቡ ለሒሳብ አያያዛችንም ለእናንተም የተሻለ ነው።

በመጨረሻም ስለ ክፍያው ደግመን እናሳስባለን። ሒሳቡ በሦስት ፈራሚዎች የሚንቀሳቀስ ሲሆን ቁጥሩ በተያያዘው ቅጽ ላይ ካለው ውጪ ሌላ የለንም። በኮሚቴው አባል ወይም በማንኛውም ግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንድታስገቡ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር እባካችሁ ሳትልኩ አስቀድማችሁ ደውሉልን። ስታስገቡ በምክንያቱ ቦታ ላይ «ለደብዳቤዎቹ» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ፤ ስም ያልተጻፈበት ገንዘብ ደረሰኝ ለመቁረጥ አስቸግሮናል። በአካል መስጠት የምትፈልጉ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በእድራችን ቤት ገንዘብ ያዣችንን ታገኛላችሁ፤ ደረሰኛችሁን ሳትቀበሉ አትሂዱ። ፈቃዱ በሰኔ መጨረሻ ስለሚያበቃና ቆርቆሮው ቀድሞ መገዛት ስላለበት፣ የምትችሉትን ሁሉ እስከ ግንቦት 15 እንድታስገቡልን በትሕትና እንለምናለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የደብዳቤዎቹና የቅርሶቹ ጥበቃ ኮሚቴ