«ከጣሪያ በላይ ነው» ላሉን ኃላፊ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጎንደር

ክቡር ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እስካሁን አለን። ስንደውል «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ስንመጣ «ፊልድ ወጥተዋል»፣ ደብዳቤ ስናስገባ «ገና ከመዝገብ ቤት አልወጣም» እየተባልን ከረምን። እዚህ ብጽፈው አንድ የሚያውቅዎት ሰው ስልኩን አውጥቶ ያሳይዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ጉዳዩን ያውቁታል። ቀሃ ወንዝ እየሸረሸረ ደጃችን ደርሷል። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚሁ ወንዝ ነው፤ ያኔ ሁሉም ያስታውሰዋል፣ ክረምት ሲገባ ግን ለኛ ብቻ ይተዋል። ዕድራችን ብር አዋጣ፤ ወጣቶቹ ድንጋይ ለቅመው ከመሩ። ከእናንተ የጠየቅነው የጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ ተሞልቶበት ግንብ የሚሆነውን የሽቦ ቅርጫት) እና አንድ መሐንዲስ ነው። ለአደጋ ስጋት ቅነሳ የሚሰጥ ድጋፍ አለ ብላችሁ የነገራችሁን ደግሞ እናንተው ናችሁ። ቅጽ ሞላን፣ ማኅተም አስመታን። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «የተጠየቀው ከተፈቀደው የድጋፍ ጣሪያ በላይ ስለሆነ ማስተናገድ አንችልም።»

እሺ፣ ጣሪያው ስንት ነው ብለን ጠየቅን። «እሱ የውስጥ አሠራር ነው» ተባልን። እንዴ! ከማናውቀው ቁጥር በላይ መጠየቃችንን በምን እንወቅ?

ከዚያ ነሐሴ መጣ። ውሃው የገባው ሌሊት ነው። ጎረቤቴ ልጇን አዝላ በጓሮ በኩል ወጣች። ጠዋት ቤቷ ስንገባ የጤፉ ጆንያ ጭቃ ጠጥቶ አብጧል፣ መሶቡ ጓዳው በር ላይ ተሰንቅሯል፣ ግድግዳው ላይ ውሃው የተወው መስመር ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ ነው። ያንን መስመር ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብታዋለች፤ እየገፋ ይወጣል።

በሳምንቱ እናንተ ደረሳችሁ። ብርድ ልብስ፣ ሸራ፣ ዱቄት፣ ባልዲ፣ ፎቶ አንሺም ጭምር። እግዜር ይስጥልን፣ ብርድ ልብሱን አልጠላነውም። ግን የዚያን ቀን ስለ ጣሪያ ያነሳ ሰው አልነበረም። ጎርፉ ሳይገባ ገደብ ያለው ገንዘብ፣ ጎርፉ ከገባ በኋላ ገደቡ የት ሄደ? የዚያን ቀን ያራገፋችሁት ዕቃ የሽቦውን ዋጋ አይችልም ነበር? እስቲ ደምሩትና ንገሩን።

እኔ በሒሳብ ሥራ ነው ያረጀሁት፤ በጀት እንዴት እንደሚወርድ ትንሽ ይገባኛል። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ቀመር አለው፣ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉም በተራው ወደ ታች ሲያወርድ የራሱ ቀመር አለው። የሕዝብ ብዛት ትልቁን ቦታ ይይዛል። ቆጠራ የተካሄደው ግን ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግምት ነው። ጎንደር ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች፣ ስንቱ ተፈናቃይ ወንዝ ዳር ጎጆ እንደቀለሰ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የወረደው ገንዘብ ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጣሪያ፣ እኔ እንደገባኝ፣ ከደመወዝ በተረፈው ልክ ይቆረጣል፤ ወንዙ የት እንደደረሰ ለክቶ የሚነሳ የለም። ተሳስቼ ከሆነ ስሌቱን ያሳዩኝና ልፈር።

የጊዜው ነገር ደግሞ አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ቀሃ ውስጥ ገብቶ ግንብ የሚያቆም ማን ነው? ግንብ የሚሠራው በበጋ ነው። በበጋ ስንመጣ «በጀቱ አልቋል፣ አዲሱን ጠብቁ»፤ አዲሱ ሲገባ ጎርፉም አብሮ ይገባል።

አሜሪካኖቹ ይህን ገደብ በሕግ ጽፈውታል፣ ማንም ያነበዋል። የፌዴራሉ መንግሥት ለአንድ አደጋ ከሚያወጣው ዕርዳታ እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ላለው 15 በመቶ፣ ከ2 እስከ 10 ቢሊዮን ላለው 10 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 35.3 ቢሊዮን ላለው 7.5 በመቶ ተሰልቶ ለቀጣዩ አደጋ ቅነሳ ይመደባል። የተሻለ የመከላከል ዕቅድ ያጸደቀ ክፍለ ግዛት እስከ 20 በመቶ ያገኛል። ከፕሮጀክቱ ወጪ እስከ 75 በመቶውን ፌዴራሉ ይችላል፣ ቀሪው ከአካባቢው ነው። እሱም እንከን አለው፤ ገንዘቡ የሚመጣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነውና። ቢሊዮኑንም ተዉት፣ ቢሊዮን አልጠየቅንም። እዚያ ግን የተከለከለ ሰው ለምን እንደተከለከለ ቁጭ ብሎ ማስላት ይችላል። ከአካባቢው ሩብ ይምጣ ከተባለ ደግሞ ድንጋዩም ጉልበቱም የኛ ነው።

የሀገራችን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲም ቢሆን ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አደጋ ደርሶ ከመሯሯጥ አስቀድሞ ስጋትን መቀነስ ይላል። እርስዎ በየስልጠናው በስላይድ የሚያሳዩት ነው። በ2016 ክረምት እዚሁ ጎረቤታችን ሰሜን ጎንደር ዞን፣ ጠለምት ላይ መሬት ተንሸራቶ ሰው ሞቷል። ከዚያም በኋላ «ከጣሪያ በላይ» የሚል ደብዳቤ ላይ መፈረም እጅ አይከብድም?

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንዳወጣው፣ በምን ስሌት እንደወጣ በጽሑፍ ይስጡን፤ ግልባጩንም የቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። ሚያዝያ ሳያልቅ ካልደረሰን የሚቀጥለውን የዕድር ስብሰባ የምናደርገው እናንተ ግቢ ነው። ድንኳንና ወንበር አታዘጋጁ፣ የራሳችን አለን።