ለእማ፣ ለቡናሽ የሚሆን ወሬ እና ሌላም ነገር

እማ አፊያ ነሽ ወይ፣ ግፊቱስ ቅዝቃዜውስ እንዴት አደረጉሽ። እዚህ ዱባይ ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል፣ እናንተ ጋ ደሴ ደግሞ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሚጡ ፎቶ ልካልኝ አየሁት፣ ያንን ወፍራም ጋቢ ካላወጣሽው አሁኑኑ አውጪው።

ድምፅ ልላክልሽ ብዬ ነበር ግን በድምፅ ስጀምር መሀል ላይ ነገሩ ይጠፋብኛል፣ ስለዚህ ጻፍኩት፣ ሚጡ ታንብብልሽ። ሚጡዬ ቀስ ብለሽ እሺ፣ እንደ ፈተና ወረቀት አትሩጪበት።

መጀመሪያ የለመድሽውን ልስጥሽ። ስደውል ሰላምታው ሳያልቅ "የሰው አገር ወግ ምን ሰማሽ" ነው የምትይው፣ ከዛ ለጎረቤት ሁሉ በቡና ላይ እንደምታወሪው አውቃለሁ፣ ጨምረሽበት እንደሆነም አውቃለሁ። እኔ የምሰራበት ኪችን ደግሞ የሌለ አገር ሰው የለም፣ ሽንኩርት እየላጥን ስናወራ ነው የምንውለው።

የአረቦቹን ቡና ነግሬሻለሁ አይደል? ሄል ያለበት ገረጣ ያለ ነው። ፍንጃሏ ትንሽ፣ እሷንም ከስሯ ብቻ ነው የሚቀዱልሽ፣ ሞልቶ የቀዳልሽ ሰው ጠጪና ሂጂልኝ እንዳለሽ ነው የሚቆጠረው። እና በቃኝ ለማለት ፍንጃሏን ግራ ቀኝ ነቅነቅ ታደርጊያታለሽ፣ ካላነቃነቅሽ ዝም ብሎ ይቀዳልሻል። እኛ ቤት ሲኒ ጎደል ብሎ ቢመጣ የምትይውን እዚህ ሆኜ ሰማሁት።

ኬክ ክፍል ደግሞ አንዲት ቡልጋሪያዊት አለች። እሷ አይደለም ስትል ራሷን ወደ ታች ወደ ላይ ነው የምትነቀንቀው፣ አዎ ስትል ግራ ቀኝ ታወዛውዘዋለች። የአገሯ ሰው እንደዛ ነው፣ የኛ ግልባጭ። ዱቄት አለ ወይ ብሎ የሚጠይቃት ሁሉ ግራ ተጋብቶ ይመለሳል። እኔ ደግሞ አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ ስስብ ሁሉም ምን ሆነች ብሎ ይዞራል፣ የደነገጥኩ እየመሰላቸው። በኋላ ስሰማ ሰሜን ስዊድን ያሉ ሰዎችም ልክ እንደኛ አየር ስበው ነው አዎ የሚሉት፣ በዛ በረዶ መሀል፣ የት አግኝተውን ነው? አንቺ በስልክ ስጠይቅሽ ያቺን ትንፋሽ ስትስቢ ሁሌ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን አሁን ግን ከኋላዋ ሳል ይከተላታል፣ እሱን ልመለስበት ነው።

ለባቢ ደግሞ ይቺን ንገሪልኝ። ዴንማርክ ውስጥ 25 ዓመት ሞልቶት ያላገባ ሰው ጓደኞቹ ይይዙትና ከራስ እስከ እግሩ ቀረፋ ይነሰንሱበታል፣ 30 ደርሶም ካላገባ በቀረፋው ፋንታ ቁንዶ በርበሬ ነው። ደሴ ቢሆን ይሄኔ በሚጥሚጣ ጨርሰውት ነበር በይው።

ትንሿ ልጄ ሦስት ዓመት ሞላት። ቪዲዮውን አይተሻል፣ ኬኩን በእጇ ነው የበላችው፣ ጥርሷ ሁሉ ወጥቷል፣ አማርኛዋ ተንተባታቢ ነው ግን "አያቴ" ትላለች፣ እናትየው ግን የትኛዋን አያት እንደሆነ ታውቃለች፣ አንቺን ነው። አባቷ አረብኛ ነው የሚያስቀድምላት፣ እኔ አማርኛ፣ መሀል ላይ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትመልስልናለች። እናም በልደቷ ምክንያት የኮሪያዎቹን ሰማሁ። ኮሪያ ሴት ስትወልድ የባህር ሳር ሾርባ ነው የሚሰጧት፣ ለኛ ገንፎ እንደሚገነፋው። ያ ልጅ ካደገ በኋላ ደግሞ በየልደቱ ያንኑ ሾርባ ይበላል፣ እናቱ ያን ጊዜ የበላችውን። እኔ እንዲህ አይነት ነገር ስሰማ ሆዴ ይባባል። ዕድሜ አቆጣጠራቸው ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር፣ ሕፃኑ እንደተወለደ አንድ ዓመቱ ነው ይባላል፣ ከዛ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር አገሩ ሙሉ አንድ አንድ ይጨምራል። በ2023 በፈረንጆቹ በሕግ ቀየሩትና ሕዝቡ በአንድ ቀን አንድም ሁለትም ዓመት ወጣት ሆነ። አንቺ ያለ ሕግ ነው የቀነስሽው እማ፣ ሚጡ የላከችልኝ የሐኪም ካርድ ላይ 58 ይላል። ትልቋ ልጅሽ እኮ ሃምሳ ልትደፍን ነው! ሐኪሙ መድኃኒት የሚያዘው ዕድሜም እያየ ነው፣ ትክክለኛውን ንገሪያቸው፣ ማንም አይድርሽም አሁን።

እኔን ስትወልጂ ገንፎውን ያገነፋው አባባ ነው ይባላል፣ ሴቶቹ ገበያ ወርደው፣ ቅቤው በዝቶ። እሱን ካነሳሁ አይቀር።

ሚጡዬ፣ ሰው ካለ እዚህ ጋ አቁሚ። ቡናው ይጠጣ፣ ጎረቤት ይሂድ፣ ከዛ በሩን ገርበብ አድርጊና ለእሷ ብቻ አንብቢላት።

እማ፣ ከኢንዶኔዥያ የመጣች ልጅ አብራኝ ትሰራለች፣ ሱላዌሲ ከሚባል ደሴት፣ ሕዝቦቿ ቶራጃ ይባላሉ። እነሱ ጋ ሰው ሲሞት ቶሎ አይቀበርም። ለቀብሩ ጎሽ ይታረዳል፣ ዘመድ ከያለበት ይጠራል፣ ብዙ ገንዘብ ነው፣ እሱ እስኪሟላ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ሬሳው በመድኃኒት ተጠብቆ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። እና ቀብሩ እስኪደርስ ሞተ አይሉትም፣ ታሟል ነው የሚሉት። ምግብ ያቀርቡለታል፣ ያወሩታል፣ ሲወጡ ሄደን መጣን ይሉታል። ይሄን ስታወራ ኪችኑ በሙሉ ያረቢ አለ፣ አንዷ እንደውም ቢላዋዋን አስቀምጣ ወጣች። እኔ ግን አልገረመኝም። አባባ ለኔ እንደዛ ነበር የተቀመጠው።

በኛ ሰው ጠዋት ሞቶ ከዙሁር በኋላ አፈር ይለብሳል። ለኔ ግን አባባ ወራት ሙሉ ተኝቷል፣ መስጊድ ሄዷል፣ ጥርሱን አሞት ማውራት አይችልም፣ ሰላም ብሎሻል። ያንን ቡኒ ኮት የላክሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ውስጡ ሱፍ የሆነውን። ደሞዜን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ ትከሻው ሰፊ ነው ብዬ አንድ ቁጥር ጨምሬ፣ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ከትቼ ላኩት። ልኩ ሆነ ወይ ስልሽ "ልክክ አለለት" አልሽኝ። እጅጌውስ ስልሽ እጅጌውም አልሽኝ። እማ የሱ አርባው ሰደቃ ካለፈ በኋላ ነው እኮ ይሄን የተነጋገርነው። ባቢ ባለፈው ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ለብሶት ፎቶ አየሁት። ልብሱ መለበሱ አይደለም ያበሳጨኝ፣ ይልበሰው፣ ያቺ "እጅጌውም" ናት እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለችው።

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ ሰው አገር ነኝ፣ ብደነግጥ ልጅቷ ትወርዳለች ብላችሁ ነው። ወጉም ነው፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ተሰባስቦ ነው የሚነገረው፣ አንቺ ራስሽ የስንቱን በር በሌሊት አንኳኩተሻል። እኔም ጋ የመጡት ከሱብሂ በኋላ ነው፣ ወሎዬዎቹ ሴቶች ነጠላና ሻሽ አድርገው፣ በሩን ስከፍት ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። ፊሊፒኖዎቹ ከለቅሶ ሲመለሱ ቀጥታ ቤታቸው አይገቡም፣ የሞተው መንፈስ ይከተለናል ብለው ካፌም ቢሆን ጎራ ይላሉ። የኔዎቹ ግን ከልጅቷ አርባ ቀን ድግስ ጀምሮ ያንን ወሬ በሆዳቸው ይዘው ቤቴ ሲገቡ ሲወጡ ገንፎዬን ሲበሉ ነበር። ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር እማ። እኔ ብቻ።

በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ደሴም ኮምቦልቻም ስልክ ሲጠፋ ያን ያህል ጊዜ ድምፃችሁን ሳልሰማ ሰነበትኩ፣ እብድ ሆኜ ነበር፣ ግን ወላሂ ያ ይሻላል፣ ቢያንስ እንደማላውቅ አውቅ ነበር።

የእንግሊዞቹን ልንገርሽማ። ድሮ የቤቱ አባወራ ሲሞት ወደ ንብ ቀፎው ይሄዱና መታ መታ አድርገው ጌታችሁ አረፈ ብለው ለንቦቹ ይነግሯቸዋል፣ ካልተነገራቸው ማር ያቆማሉ ወይ ጥለው ይሄዳሉ ወይ ይሞታሉ ብለው ያምናሉ። ድሮ ብቻም አይደለም፣ በ2022 በፈረንጆቹ ንግሥት ኤልሳቤጥ ስትሞት የቤተ መንግሥቱ ንብ አናቢ ቀፎዎቹ ላይ ጥቁር ሪባን አስሮ ለንቦቹ ነግሯቸዋል። ቡልጋሪያዊቷም እንዳለችኝ አገሯ ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት ወረቀት በሩ ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ይለጠፋል፣ መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል፣ በአርባውና በዓመቱም ሌላ ይለጥፋሉ። ንብ ይነገረዋል፣ መንገደኛ ይነገረዋል። ለአባባ ቀፎዎች ነገርሻቸው ይሆን? በቃ ተይው፣ ይሄን ስጽፍ ተናደድኩ።

ግን ይሄን ሁሉ ያመጣሁት ለድሮው አይደለም።

ካሜራው ተበላሽቷል አልሽኝ። ያኔም ካሜራው ተበላሽቶ ነበር። ያኔ ጥቁር ሻሽሽን እንዳላይ ነው፣ አሁንስ ምኑን እንዳላይ ነው? ሚጡ በዛው ስልክ የጦሳን ፎቶ ከላከችልኝ ካሜራው ይሰራል ማለት ነው። ባቢን ስጠይቀው "ደህና ናት አብሽሪ" ይለኛል፣ ትልቋም "ደህና ናት አብሽሪ"፣ ቃል በቃል አንድ አይነት፣ ተነጋግራችሁበታል። ሳሉ ከበዓሉ በፊት የጀመረ ነው። ራጅ ተነስተሻል ይባላል፣ ማን እንደነገረኝ አትጠይቂኝ። ውጤቱ ምን አለ?

ወይስ ላንቺም አልነገሩሽም? ቻይናዎቹ ጋ እንደዛ ነው፣ ክፉ በሽታ ከሆነ ሐኪሙ ለልጆቹ ይነግራል፣ ልጆቹ ለታማሚው ይደብቃሉ፣ ጉንፋን ነው ብለው ይይዙታል፣ ፍቅር ነው ይሉታል። የኛም ቤት ያው ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ይሄ ደብዳቤ አጉል ቦታ ላይ ደረሰ፣ ግን አልሰርዘውም፣ አንቺ አራት ልጅ ብቻሽን ያሳደግሽ ሴት ነሽ፣ አባባ ለስራ ዓመት ከመንፈቅ አሰብ ሲቀር ሰኞ ገበያ ቁጭ ብለሽ በርበሬ የሸጥሽ፣ አንድ ወረቀት አይጥልሽም። ለዛ ሁሉ አላህ ይክፈልሽ፣ እኔማ በምን እከፍላለሁ።

አንድ ነገር ነው የምለምንሽ። አንቺ ከታመምሽ ከአንቺ አፍ ልስማው፣ በስልክም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ኪችን ውስጥም ብሆን። ባለቅስ አልቅሼ እጨርሳለሁ። አሁን ነፍሰ ጡር አይደለሁም፣ ምክንያት የለሽም።

ትልቋ ኮምቦልቻ ነይ ስትልሽ እምቢ አትበይ። ለጥቂት ወር ነው፣ ቆላ ወርደሽ ደረትሽ ይሙቅ፣ ደሴ በዚህ ብርድ ያንን ዳገት እያለከለክሽ መውጣት ምን የሚሉት ነው። ሐረጎ ላይ መኪናው ያዞረኛል ትያለሽ፣ ሎሚ ይዘሽ ፊት ወንበር ተቀመጪ፣ ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ናት። ቤቱንና ዶሮዎቹን ባቢ ይጠብቅ፣ ኮቱንም ለብሶ ቢሆን።

ብር በባንክ አስገብቻለሁ፣ ለሐኪምና ለመድኃኒት ነው፣ ለማንም ተዝካርና ሰርግ እንዳታበድሪው። ሚጡዬ፣ የራጁን ወረቀትና የታዘዘውን መድኃኒት ፎቶ አንስተሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ አያትሽ አትላኪ ብትልሽም ላኪው፣ በኔ ይሁንብሽ። እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት በእናንተ፣ በቪዲዮ እደውላለሁ። ካሜራው አሁንም "ከተበላሸ" አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ሰኞ ትኬት እቆርጣለሁ።

ልጅሽ