መታወቂያዬን አይታችኋል፤ መንጠቆውንስ?

ለባህር ዳርቻችን ጥበቃ ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠራም፤ እርስዎ ያውቁታል። ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፣ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ያገኘሁት መልስ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአደባባይ ልጻፍልዎ።

ጉዳዬ የእስራኤሏ የባህር ዳርቻ ከተማ የሐደራ ሻርኮች ናቸው። የኃይል ማመንጫው የማቀዝቀዣ ውሃ ሞቆ ወደ ባህር ስለሚለቀቅ፣ የብርዱ ወቅት ሲገባ ሙቀቱን ፍለጋ ይመጣሉ፤ እስከ ሚያዝያ አካባቢም ይቆያሉ። በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ማጥመዱም መጉዳቱም ክልክል ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ባለፈው ጥር፣ ዓርብ ጠዋት፣ ወንዙ ባህር በሚገባበት ቦታ ሦስት ሰዎች አንዲት ሻርክ በመንጠቆ አውጥተው አሸዋ ላይ ዘርግተዋታል። ከእኔ ቁመት ትበልጣለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንዱ ጀርባዋን ረግጦ ፎቶ ይነሳል። ልጆች ጭራዋን ይጎትታሉ። ደወልኩ። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደረሱ። ሰዎቹ እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብለው ሊጠብቁ ኖሯል? ወደ ውሃው ገፍተዋት፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄደዋል። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም።

እዚያ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ታዲያ መጀመሪያ ምን ቢጠይቁኝ ጥሩ ነው? መታወቂያ! «እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። 30 ዓመት በኖርኩበት ከተማ። ደዋዩ እኔ ነኝ አልኳቸው፤ አንዱ መታወቂያዬን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ምናልባት ሻርኩ እዚያ ተደብቆ ይሆናል። ቪዲዮውን ላሳያቸው ስል «በኢሜል ላክ» ብለውኝ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ላክሁ። እሱም «ደርሶናል»።

እዚህ የሚመጡት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። ሻርክ እንደ ሰርዲን ቶሎ የሚራባ የሚመስለን አለን። የትልቁ ዓይነት ሴት ለመውለድ እስክትደርስ 20 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። እርግዝናዋ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ነው። የምትወልደውም ጥቂት ግልገል ነው። ፎቶ ሲነሱባት የዋለችው ብትሞት፣ ምትኳ የልጅ ልጆቼ አድገው ነው የሚደርሰው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 በዚሁ ውሃ አንድ ሰው በሻርክ ጥቃት ሞተ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሰው ሻርኮቹን ሲከብና ሲነካካ የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልኩ ይዞር ነበር። ያኔም ዋና ክልክል ነበር። የጠፋው ክልከላውን የሚያስከብር ሰው ነው። ሰው ሲሞት ባህሩ ተዘጋ፣ ጋዜጠኛ ጎረፈ። አሁን ደግሞ እንደ ድሮው ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሻርኮቹ ባሉበት ወቅት፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ የመቅጣት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ወንዙ አፍ ላይ ይቁም።

እኔ ዓርብ ጠዋት እዚያው ነኝ። መታወቂያዬንም ይዣለሁ።

አንድ የሐደራ ነዋሪ