ጣፊያው ለተጎዳ ሰው መተኛትም ሕክምና ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጣፊያው ስለተሰነጠቀው ወጣት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ቤተሰቦቹ «ኦፕራሲዮን እንደማድረግ ዝም ብለው አስተኙት» ሲሉ አማረዋል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ፤ ይህን ምሬት ሁሌ ነው የምሰማው። የልጁን ጉዳይ ለሐኪሞቹ ልተወውና፣ «ዝም ብለው» በምትለዋ ላይ ግን የምለው አለኝ።

ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ነው ያለው። ብዙ ደም ስለሚያልፍበት ሲሰነጠቅ ክፉኛ ይደማል። ድሮ መፍትሔው አንድ ነበር፤ ሆድ ይከፈታል፣ ጣፊያ ይወጣል። ያለ ጣፊያ መኖር ይቻላላ! ይቻላል፣ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1952 ጣፊያቸው በወጣላቸው ሕፃናት ላይ ከባድ ኢንፌክሽን እንደታየ ሐኪሞች ጻፉ። ጣፊያ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ከደም ውስጥ አጣርቶ የሚያስወግድ አካል ነው። ዛሬ ለማትረፍ የሚለፋው ለዚህ ነው።

በሲቲ ስካን ጉዳቱ ከ1 (ቀላሉ) እስከ 5 (ከባዱ) ደረጃ ይሰጠዋል። ከደረጃው በላይ የሚወስነው ግን የደም ግፊትና የልብ ምት ነው። ደም እየተሰጠውም ግፊቱ አልነሳ ያለ ሰው በቀጥታ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል። ግፊቱ የረጋ ይተኛል፣ ይጠበቃል። በልጆች ላይ ከ10ሩ 9ኙ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ።

መጠበቅ ሲባል ታዲያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ክንዱ ላይ ግፊት መለኪያ ሳስር አስታማሚው «ሲስተር፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወስዶት!» ብሎ ይቆጣል። ልክ ነው፣ ያሳዝናል። ግን ወጣት በሽተኛ ደም እየፈሰሰውም ግፊቱ ቶሎ አይወርድም። መጀመሪያ የሚናገረው የልብ ምቱ ነው። በደቂቃ ከ80ዎቹ ተነስቶ 120 ከገባ ሐኪሙን እቀሰቅሳለሁ። የደም መጠኑም በየሰዓታቱ በላቦራቶሪ ይታያል።

በመጠበቅና በኦፕራሲዮን መሐል ሌላም መንገድ አለ። በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ ደም ቅዳ ውስጥ ይገባል። በኤክስሬይ እየታየ የሚደማው ቦታ ይደርስና በጥቃቅን የብረት ጥምዝ ይዘጋል። ችግሩ መሣሪያውም ባለሙያውም በየሆስፒታሉ አለመኖሩ ነው። ሆድ ከተከፈተም ጣፊያው የግድ ይወጣል ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ይሰፋል፣ ወይም የተጎዳው ክፍል ብቻ ይቆረጣል። ሰውየው ሊሞት ሲሆን ግን ማውጣቱ ነው ፈጣኑ፤ የሚያስቆጭ ነገር የለውም።

የሚያስቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቤተሰብ ስፌቱን ሲያይ ክትባቱ ይረሳል። ጣፊያው የወጣለት ሰው የኒሞኮከስ (ሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ)፣ የማጅራት ገትርና የሂብ (ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ የሚባል ባክቴሪያ) ክትባቶች ያስፈልጉታል፤ ብዙ ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ 2 ሳምንት በኋላ ይሰጣሉ። ተመልሶ መምጣቱ ካጠራጠረ ከሆስፒታል ሳይወጣ ይከተብ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ትኩሳት ከያዘው «እስቲ ይደርልኝ» ብሎ አያድርም፤ ወዲያው ሆስፒታል ይሄዳል። ጣፊያው የተረፈለት ደግሞ ኳስና ትግልን ለወራት ይርሳ። ከቀናት በኋላ እንደገና ሊደማ ይችላል። የግራ ትከሻ ሕመም፣ ማዞር፣ የሆድ መነፋት ከመጣ መመለስ ነው።

ቤተሰቦች መጠየቅ ያለባቸው ሌላ ነገር ነው። ደም ተዘጋጅቷል ወይ? ሌሊት ግፊቱ ቢወርድ እዚሁ ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሐኪም አለ ወይ? የለም ከተባሉ ምሬታቸው ተገቢ ነው። ያን ጊዜ ግፊቱ ሳይወርድ ሪፈር ይጠይቁ።

ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ