ይድረስ ለሸሪፉ

አብሮ አደጌ፣ እንደምን ከርመሃል?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። እቴቴ ስታርፍ እንኳ ደውዬ አላጽናናሁህም፤ ስልኩን አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። ይቅር በለኝ። ዛሬም የጻፍኩልህ ምክርህ ቢቸግረኝ ነው።

ከቬጋስ ቱሪስት ጭኜ የማድርባት ካናብ የምትባል ከተማ አለች፤ ዩታ ውስጥ፣ አሪዞና ድንበር አጠገብ። ዙሪያዋ ቀይ ገደልና አሸዋ ነው፤ በፈረንጆቹ 2020 ቆጠራ ሕዝቧ 5,000 አልሞላም። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ካየናቸው የካውቦይ ፊልሞች ስንቱ እዚህ ተቀርጾ ይሆን! በፈረንጆቹ 1924 ቶም ሚክስ የሚባል የካውቦይ ፊልም ተዋናይ መጥቶ ከሠራባት ወዲህ ፊልም ሠሪው ሲጎርፍ «ትንሿ ሆሊውድ» እስከመባል ደረሰች። ፓሪ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች በ1931 ማረፊያ ከፍተው ተዋናዮቹን ያሳድሩ፣ መቅረጫ ቦታ ያሳዩ ነበር። ያገሬው ሰው ፈረሱን ያከራያል፤ ራሱም ካሜራ ፊት ይጋልባል። ዛሬም በየክፍሉ በር ላይ የተዋናይ ስም አለ። የጆን ዌይንን ሳነብ አንተ በካርቶን ኮፍያህ «አክተር አይሞትም!» እያልክ፣ ተመትተህም አልወድቅም ስትል ታየኸኝ። አሁንም እንደዚያው ግትር ነህ አይደል?

የካውቦይ ፊልም ከቀረ ወዲህ ከተማዋን የያዛት ቱሪስት ነው፤ ዛየንና ብራይስ ካንየን ወደሚባሉት ፓርኮች የሚሄደው እዚያ ያድራል። አንድ ባለማረፊያ «ጓዝህን ጠቅልለህ ና፣ ሥራ አለ» ብሎኛል። የማታውን ኮከብ ብታይ! ውሻ እንኳ አይጮህም። ቬጋስ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ግን በብርዱ ወራት እንግዳው ይሳሳል፣ ሥራውም እንደዚያው። ባለቤቴ ደግሞ ነገሩን ገና ሳነሳው «ቤተ ክርስቲያኑስ? ዕድሩስ? ልጅቷ ከማን ጋር አማርኛ ታውራ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚያ እስካሁን አንድ ሐበሻ አላጋጠመኝም።

እንዴት ብዬ ልንገርህ... ለሰውየው እሺ ብዬዋለሁ። እሷ አታውቅም። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ማዕድ ላይ በቀረብን ቁጥር ልናገር እልና ጉሮሮዬን ያንቀኛል።

አንተን ትሰማሃለች፤ ሚዜዬ ነህ። ብትደውልላትስ? አይ፣ ተው፤ ከኔ አፍ ነው መስማት ያለባት። መጀመሪያ ለኔ ደውልልኝ። እናንተ ጋ ሲነጋ እኔ ከሥራ ገብቻለሁ።